ሳይቆፈር የተመረቀው ቦይ

...አህያው ዳገቱን እያለከለከ ይወጣል፤ ጀርባው ላይ ወንበር። ከኋላው ሌላ አህያ፤ ጀርባው ላይ ወንበር። ከሱ ኋላ ሌላ አህያ፤ ጀርባው ላይ ወንበር።

ና ግባ ባለጃንጥላው፣ ይሄ ዝናብ የሚምር አይደለም። ጃንጥላህን ብቻ ወደ ውጪ አራግፍልን። ገና መጀመሬ ነው፣ ብዙ አላመለጠህም። ተረት ልንገራችሁ ስላቸው «ታክሲ እስኪመጣ ንገረን» ብለውኛል፤ አንተም እንዳልክ ቆጥሬዋለሁ።

ድሮ ነው። እንስሳ ከተማ ቆርቁሮ፣ ዕቃ አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን። ከተማዋ ሸንተረር ትባላለች፤ ላይዋ ዳገት፣ ታችዋ ረግረግ። ወንበር የጫኑት አህዮች ወደ ላይ ይወጣሉ። ከላይ ደግሞ ከንቲባው ጉሬዛ፣ ያንን ጥቁርና ነጭ ካባውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ሰኔ ሊያልቅ ነው» ይላል።

አንዱ አህያ ቆም አለና «ጌታዬ፣ ይሄ ወንበር ለማን ነው?» አለ።

«ለሕዝቡ።»

«የትኛው ሕዝብ ነው ወንበር ላይ የሚቀመጠው? እባብ ነው? ፈረስ ነው?»

«አንተ ተሸከም እንጂ አትጠይቅ። እሱን ከሰኔ በኋላ እናስብበታለን።»

ጥድፊያው ለምን መሰለህ? በሸንተረር መሃል አንድ ጎተራ ነበር። ሆዱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም። ጎተራው የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። እህሉም ከሁሉም ነው የሚመጣው። ገበያ የዋለ ሁሉ ሲመለስ ካገኘው ላይ ጭብጥ ጭብጥ ይጥላል። አህያ ከገብሱ፣ ዝንጀሮ ከበቆሎው፣ ጉንዳን እንኳ ከዚያች ከተሸከመቻት አንዲት ፍሬ ቆርሳ ትሰጣለች። ጅብ ብቻ «እኔ የምሠራው በጨለማ ነው፣ ገቢዬ አይታይም» እያለ ያመልጣል። ትስቃላችሁ፤ ሁላችሁም የምታውቁት ጅብ አለ ማለት ነው። የጎደለውን ደግሞ አንበሳ ከትልቁ ጎተራው ይሞላላቸዋል።

አንበሳ ግን አንድ ሕግ አለው። ሰኔ ሲያልቅ እህል ሰፋሪው ሰጎን ይመጣና ያንን ረጅም አንገቱን ጎተራው ውስጥ ይከታል። የተረፈ እህል ካገኘ ይዞት ይሄዳል። ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በሚቀጥለውም ዓመት የተረፈውን ያህል ይቀንስባቸዋል። «ካተረፋችሁ አልራባችሁም ማለት ነው» ይላቸዋል። በጀት ማለት እንግዲህ እሱ ነው፤ ከሁሉም ተዋጥቶ ይገባል፣ ለሁሉም ተብሎ ይወጣል፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ይዘጋል። ስለዚህ ሸንተረር ዓመቱን ሙሉ ትተኛለች፣ ሰኔ ላይ ብድግ ትላለች።

እትዬ የሻረግ፣ እዚያ ጥግ ይዘው ቆሎ የሚሸጡት፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ተረት ነው ወይስ ሐሜት?» ይሉኛል። ተረት ነው እትዬ። የሚያወራው እንስሳ ነው፣ እኔ የለሁበትም።

እሺ። ታች፣ ረግረጉ ጠርዝ ላይ፣ ቆቅ ትኖር ነበር። ቆቅ እንደሌላው ወፍ ዛፍ ላይ ቤት አትሠራም፤ መሬት ላይ ሣር ጎዝጉዛ ነው እንቁላሏን የምትጥለው። በቤቷ አጠገብ ቦይ ያልፋል። ጥሩ ቦይ ነበር፣ የዳገቱን ጎርፍ ሁሉ ተሸክሞ ወንዝ የሚያደርስ። ነገር ግን ከላይ ሰፈር የሚጣለው ሁሉ እሱ ጉሮሮ ውስጥ ገባ። የሙዝ ልጣጭ ገባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ገባ፣ የተሰነጠቀ ሳፋ ሳይቀር ገባ። ባለፈው ክረምት ጎርፉ መሄጃ ሲያጣ ወደ ቆቅ ቤት ዞረ። እንቁላሎቿን ከነሣሩ ይዟቸው ሄደ። በዚያ ዓመት ቆቅ አንድ ጫጩት አላቀፈችም። ዘንድሮ ደግማ ልትጥል ነው፣ ሌላ መሬት ደግሞ የላትም።

ስለዚህ ጥቅምት ላይ፣ መሬቱ ደረቅ፣ ጎተራው ሙሉ ሳለ፣ ዳገቱን ወጣች።

«ጌታዬ ከንቲባ፣ ቦዩን ያስቆፍሩልኝ።»

«ገና ነው እመቤት። እያጠናን ነው» አለ ጉሬዛ።

«ምኑ ነው የሚጠናው? ቦዩ እዚያው ተኝቷል፣ የትም አልሄደ።»

«ቦዩን አይደለም። እንዴት እንደምናጠናው ነው የምናጠናው።»

ወረደች። ጥር ላይ ደግማ ወጣች።

«ጌታዬ ከንቲባ፣ ቦዩን ያስቆፍሩልኝ።»

«ደስ ይበልሽ፣ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ኤሊ ሰብሳቢ፣ ቀንድ አውጣ ጸሐፊ።»

«መቼ ይሰበሰባሉ?»

«መንገድ ላይ ናቸው።»

ወረደች። ሚያዝያ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣች።

«ጌታዬ ከንቲባ፣ ኮሚቴው ደረሰ?»

«ኤሊ ደርሷል። ቀንድ አውጣ ጥግ ላይ ታይቷል ተብሏል። አንቺ ብቻ ታገሺ።»

ስትመለስ ጎተራው ጋ ቆመች። «አያ ጎተራ፣ ሆድህ እንዲህ ሞልቶ ዝም ትላለህ?»

«ምን ላድርግ ልጄ» አለ ጎተራው። «እኔ ሆድ ነኝ፣ አፍ አይደለሁም። ሁሉም እያመጣ ይከታል፤ የሚያወጣ ግን ከአይጥ በቀር አላየሁም። እሷ እንኳን ምስጋና ይግባትና ጥናት አትጠብቅም።»

ቤቷ ስትደርስ ለቦዩ ነገረችው። «አልሆነም ወንድሜ።»

«እ... ግ... ዜ... ር... ያው... ቃል» አለ ቦዩ። ሳፋው አላናግር ብሎት ነው።

እንግዲህ ሰኔ ገባ። ደመና ተራራው ላይ መጥቶ ሰፈረ። ጉሬዛ ወደ ጎተራው ወርዶ ቢያይ እህሉ እንዳለ ነው። «ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ» አለና ራሱን ያዘ።

አንደኛ፣ ወንበር ተገዛ። ይሄን አየህ።

ሁለተኛ፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ሁሉ ኖራ ይቀባ ተባለ። ድንጋዮቹ «ኧረ አምና ሰኔም ተቀብተናል። ዝናቡ ሲመጣ አይደል እንዴ የሚያጥበን?» አሉ። «ለዚህ ነው በየዓመቱ የሚያስፈልጋችሁ» አላቸው ጉሬዛ።

ሦስተኛ፣ ስልጠና ይሰጥ ተባለ። ለማን? ለዓሦች። የምን ስልጠና? የዋና። አሠልጣኝ ማን ይሁን? ድመት። ድመት ስልጠናውን ከምሳ ጋር ሰጠች። ከስልጠና የተመለሱት ዓሦች ከሄዱት በጣም አነሱ፤ ሪፖርቱ ግን «በታላቅ ስኬት ተጠናቋል» ይላል።

እትዬ የሻረግ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። ይሳቁ፣ ዝናቡንም ያስረሳል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ፣ ጎተራው ከመሃል ከተማ ተጣራ። «ጉሬዛ፣ ገና ሦስት ጆንያ ሆዴ ውስጥ አለ።»

«ወንበር ጨምሩ» አለ ጉሬዛ።

«ወንበር ከገበያ አልቋል» አሉ አህዮቹ። እንዴት ደስ እንዳላቸው አትጠይቀኝ።

በዚህ መሃል ከወዲያኛው ጉብታ በላይ አንድ ቀጭን ነገር ብቅ አለ። የሰጎን አንገት ነው። ገላው ገና አልታየም፣ አንገቱ ግን ቀድሞ እየመጣ ነው።

ታች ደግሞ ቆቅ እንቁላሎቿን ጥላ ታቅፋለች። ደመና ከላይዋ አጉረመረመ። ቀና ብላ «ወንድሜ ደመና፣ ትንሽ ቆይልኝ» አለችው።

«እህቴ፣ የኔም ሰኔ ነው» አለ ደመና። «የተሸከምኩትን ካላወረድኩ ለከርሞ ባሕሩ ይቀንስብኛል። ላንቺ ስል ፀሐይ ዘንበል እስክትል እይዘዋለሁ። ከዚያ በላይ ወገቤ አይችልም።»

ቆቅ አሰበች። ሦስት ጊዜ ወጥታ «ቆፍሩልኝ» ብላለች። ለካ ጉሬዛ ጆሮ ውስጥ «ቆፍሩ» የሚባል ቃል አይገባም። ታዲያ የሚገባው የትኛው ነው? ቆቅ እኮ ነች፣ ነቃ ያለች ነች። እንቁላሎቿን በሣር ሸፈነችና እየበረረች ዳገቱን ወጣች።

«ጌታዬ ከንቲባ፣ ቦዩን እንዲመርቁልኝ ነው የመጣሁት።»

የጉሬዛ ጆሮ ቀጥ አለ። «ምረቃ? ቦዩ ተቆፈረ እንዴ?»

«አልተቆፈረም።»

«ያልተቆፈረ ነገር ይመረቃል?»

«ጌታዬ፣ አምና የመረቁት ድልድይ የታለ?»

ጉሬዛ አሰበ። «እሱስ ልክ ነሽ። ሪባን አለሽ?»

«ሸረሪት እየፈተለች ነው።»

«እህሉስ? የኔ ጭንቅ እህሉ ነው።»

«የክብር እንግዳ ሲመጣ ቄጤማ ይጎዘጎዝ የለም? ለእርስዎ ቄጤማ ያንስዎታል። እህል ይጎዝጎዝልዎ። ከዳገቱ አንስቶ እኔ ቤት ድረስ፣ ቦዩ ውስጥ ለውስጥ።»

«ሦስቱም ጆንያ?»

«ሦስቱም።»

«ሰጎን ሳይደርስ ያልቃል?»

«አንዲት ፍሬ ካገኘ እኔን ይውሰደኝ።»

ጉሬዛ ዘሎ ወረደ። አህዮቹ ወንበሩን እዚያው ጥለው ጆንያውን ተሸከሙ። ጎተራው «ኡፍፍ፣ ተነፈስኩ» አለ። እህሉ ቦዩ ውስጥ ተዘረገፈ። በልጣጩ መሃል ገባ፣ በቆረቆንዳው መሃል ገባ፣ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ።

«ምን... አጎረስ... ሽኝ?» አለ ቦዩ።

«ዝም ብለህ ያዝ» አለችው ቆቅ። «ሐኪሞችህ እየመጡ ነው።»

ጉሬዛ ሪባኑን በጠሰ። «ክቡራንና ክቡራት» ብሎ ንግግሩን ጀመረ። ቆቅ ግን ድንጋይ ላይ ወጥታ ለአገር ሁሉ ተጣራች። «እህሉ ከሁላችሁም የተዋጣ ነው። የፈለገ ይምጣ፣ ያወጣ ይብላ። ቆሻሻውን ዳር ሳያደርስ የሚጎርሰውን ግን እኔ ዓይኑን ነው የምነቁረው።»

ከዚያ በኋላ ንግግሩን ማን ሰማው? ዶሮ በሁለት እግሯ ጫረች፣ ከርከሮ በአፍንጫው አረሰ፣ ፍልፈል ከሥር ጎረጎረ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ አፈሩን ዓይኔ ውስጥ ጨመርሽው» አለ ከርከሮ።

«አንተ አፍንጫህን ከፊቴ አንሳ» አለች ዶሮ። «አፍንጫ ነው አካፋ?»

«እናንተ እዚያ ላይ ተጨቃጨቁ፣ እኔ ከሥር ጨረስኩት» አለ ፍልፈል፣ አፉ ገብስ ሞልቶ።

ጅብም መጣ። በጠራራ ፀሐይ። ጉንዳን መንገዱ ላይ ቆማ «ወዴት ነው? ያንተ ገቢ አይታይም አልነበር?» አለችው።

«አንቺ ትንሽ፣ ለሁሉም ነው ተብሎ የለም?»

«ለሁሉም ነው። ሁሉም ግን አዋጥቷል። እህል ካላዋጣህ ጉልበት አዋጣ። ያ ሳፋ ይታይሃል? ማንም ሊነቅለው አልቻለም።»

ጅብ ዞር ዞር ብሎ አየ። ሁሉም ያየዋል። በጨለማ ቢሆን ኖሮ ያመልጥ ነበር፣ በቀን ወዴት ይግባ? ሳፋውን በዚያ መንጋጋው ያዘና ጎተተ፣ ጎተተ፣ ጎተተ። ፏ ብሎ ወጣ።

ቦዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እፎይ» አለ። «ስንት ጊዜ ልናገር ፈልጌ አፌ ተይዞ። ይሄ ሳፋ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የከንቲባው ነው። ከቅርንጫፉ ላይ ሆኖ ነው የወረወረው።»

ሸንተረር በሳቅ ተናወጠች። ጉሬዛ ወደ ሰማይ እያየ «ደመናው ከበድ ብሏል» አለ።

እውነቱንም ነው፣ ከብዷል። ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ሥራው ደግሞ እያማረ ወርዶ ወርዶ፣ ቆቅ ቤት አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ቆቅ።

«ጠገብን» አለ ከርከሮ፣ ሆዱን ይዞ።

«ጠገብን» አለች ዶሮ።

«እኔ ደግሞ መተኛት አለብኝ» አለ ፍልፈል።

የቀረችው ትንሽ ናት። ግን እዚያች ላይ ከተዘጋ፣ የዳገቱ ጎርፍ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚያርፈው እንቁላሎቹ ላይ ነው። ያልተቆፈረ ቢሆን ከዚህ ይሻል ነበር። ቆቅ ብቻዋን ገብታ ጫረች። እግሯ ቀጭን ነው፣ ቆሻሻው ወፍራም ነው። «እህቴ፣ ወገቤ» አለ ደመና ከላይ፣ አንድ ጠብታም አመለጠው።

ቆቅ ከቦዩ ውስጥ አንገቷን አውጥታ ጉሬዛን አየችው። እያፏጨ ሊሄድ ነው።

«ጌታዬ ከንቲባ» አለች፣ ረጋ ብላ። «እዚህ ጋ እኮ እህል ተርፏል።»

«ተርፏል? ምን ያህል?»

«ጭቃው ስለከደነው አይታይም። ያ የሰጎን አንገት ግን ረጅም ነው፣ ቦይ ውስጥም ሳይገባ አይቀርም። የተረፈውን ያህል ደግሞ ለከርሞ ይቀነሳል።»

ጉሬዛ ጉብታውን አየ። አንገቱ ወርዶ አሁን እግሩም ይታያል። ያኔ ካባውን ወደ ላይ ሰበሰበና ቦዩ ውስጥ ዘሎ ገባ። በሁለት እጁ ቆሻሻውን ይዝቃል፣ ወደ ዳር ይወረውራል፣ እህሉን ይጎርሳል። ይዝቃል፣ ይወረውራል፣ ይጎርሳል። ጭቃ ረግጦ የማያውቅ ከንቲባ ጭቃ ውስጥ እስከ ብብቱ ገባ። አህዮቹ ዳር ተደርድረው «በርቱ ጌታዬ፣ ወንበር ይምጣልዎት?» ይሉታል። ጥቁሩና ነጩ ካባ አንድ ዓይነት ሆነ።

የመጨረሻዋን ጭብጥ ሲወረውር፣ ደመና «በቃ» አለና ለቀቀው።

ጎርፉ ዳገቱን ይዞ ወረደ። የድንጋዮቹን ኖራ አጥቦ ወተት መስሎ ወረደ። ቆቅ እንቁላሎቿ ላይ ክንፏን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። ድምፁ መጣ። በአጠገቧ አለፈ። ዓይኗን ስትከፍት ሣሩ ደረቅ ነው። ቦዩ ጎርፉን ተሸክሞ፣ እየዘፈነ፣ ወንዝ አደረሰው። ድምፁ ያን ያህል ጥሩ አልነበረም፣ ግን ማን ዝም ይበለው?

ሰጎን ደረሰ። አንገቱን ጎተራው ውስጥ ከቶ አወጣ። «ባዶ ነው። ጥሩ። በምን ዋለ?»

«በወንበር» አለ ጉሬዛ፣ ጭቃው እየተንጠባጠበ።

«ማን ተቀመጠበት?»

ጉሬዛ ጭቃውን ከካባው ላይ ማራገፍ ጀመረ።

«ሌላስ?»

«የድንጋይ ኖራ።»

ሰጎን መንገዱን አየ። ድንጋዩ ድንጋይ ነው። «ሌላስ?»

«ለዓሦች ስልጠና።»

«ዓሦቹን ጥራልኝ።»

«የትኞቹን? የተረፉትን?»

ሰጎን አንገቱን ወደ ታች ዘረጋና ቦዩን አየ። «ይሄስ የሚዘፍነው?»

«እሱ እንኳን... ምረቃ ነው» አለ ጉሬዛ።

«ምረቃ ውኃ ሲያስተላልፍ ዛሬ ነው ያየሁት። ማነው ያሰበው?»

ሁሉም ወደ ቆቅ ዞረ። ሰጎን አንገቱን አጎንብሶ «እመቤት፣ ለከርሞ ምን ይደረግላችሁ?» አላት።

«ለከርሞ ጥቅምት ላይ ይመረቅልኝ» አለች ቆቅ። «ሰኔ ላይ ሥራ አለብኝ፣ አቅፋለሁ።»

ሰጎንም እንዲህ ሲል ፈረደ። የሸንተረር እህል አይቀነስም። ነገር ግን ጎተራው በጥቅምት ይከፈታል፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ፤ ያልቆፈረም አይመርቅም። ጅብ ሳይቀር ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጭብጡን ያመጣል አሉ፣ ያው ማታ ማታ ነው እንጂ። በሐምሌ ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ ቦዩን እያዩ ነው ያደጉት። ቀንድ አውጣም ኮሚቴው ጋ ደረሰና «እህ፣ ምን ላይ ነበርን?» ብሎ ጠየቀ።

እኔ ተረቴን እዚህ አወረድኩ። አሁን ዳቦ ያለው ዳቦ፣ የሌለው የያዘውን ይስጠኝ አልኳቸው። ባለጃንጥላው ኪሱን ዳበሰና ሳቀ። እትዬ የሻረግ ግን ከቆሏቸው ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝና፣ ጣቶቼን በእጃቸው ከደኑልኝ።

«ዳቦስ የለኝም» አሉኝ። «ይሄን ያዝና ስማኝ ልጄ። ለሰኔ ተብሎ ያለቀ እህል ጭቃ ነው፤ ለሰው ተብሎ ያለቀ እህል ዘር ነው።»